«አልተሰበረም» ከተባለ በኋላ፦ የጉልበት ጅማት ጉዳት እንዴት ይታወቃል?



ግንቦት 10 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ የነበረ ሰው ኳስ የሚያይበት ልብ አልነበረውም። በዚያ ቀን ለንደን ውስጥ፣ በዌምብሌይ ስታዲየም፣ ቶተንሃምና ኖቲንግሃም ፎረስት ለኤፍኤ ካፕ ዋንጫ ይጫወቱ ነበር። ጨዋታው ሩብ ሰዓት ያህል እንደሄደ የቶተንሃሙ ፖል ጋስኮይን የፎረስቱን ጋሪ ቻርልስን ለማስቆም ክፉ አገባብ ገባበት። ወደቁ። ጋስኮይን ታክሞ ተነሣና የቅጣት ምቱ ሲመታ በእግሩ ቆሞ ነበር። ስቱዋርት ፒርስ መታ፤ አገባ። ኳሱ ከመሐል ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ጋስኮይን መሬት ላይ ተዘረጋ፤ በቃሬዛ ወጣ። የቀኝ ጉልበቱ መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶ ነበር። ቀጣዩን የውድድር ዘመን በሙሉ ሳይጫወት ቀረ።

ከዚህ የጀመርኩት ስለ ኳስ ለማውራት አይደለም፤ ስለነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ጅማቱ የተበጠሰ ሰው ቆሟል፣ ተራምዷል። እኛ አገር አንድ ልጅ ሜዳ ላይ ወድቆ ሲነሣ፣ ዙሪያውን የከበበው ሰው የሚለው ይታወቃል፦ «ከተራመደማ ደህና ነው!» ጤና ጣቢያ ከሄደም ራጅ ይነሣል፣ «አልተሰበረም» ይባላል፣ የሕመም ማስታገሻ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። መራመዱም አለመሰበሩም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ስለ ጅማቱ አንዳቸውም የሚሉት ነገር የለም።

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፦ የጉልበት ጅማት ጉዳት ከሁሉ በፊት የሚታወቀው በጥሩ ጥያቄና በሠለጠነ እጅ ነው፤ ማሽን የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የምለው ማሽን ስለሌለን ለመጽናናት አይደለም። ማሽኑ በየሆስፒታሉ ባለበት አገርም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው።

ስለ ጉልበት አሠራር ጥቂት ልበል። የጭን አጥንት የታችኛው ጫፍ ሁለት ክብ እብጠቶች አሉት፤ የሚያርፉት የቅልጥም አጥንት አናት ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ዝርግ ነው ማለት ይቻላል። ክብ ነገር በዝርግ ነገር ላይ እንዳይንሸራተት የሚይዙት ጡንቻዎች፣ በመካከል የተነጠፉት ሜኒስከስ የሚባሉ ሁለት ግማሽ ክብ ትራሶችና አራት ዋና ዋና ጅማቶች ናቸው። ሁለቱ ጅማቶች በጎንና በጎን ናቸው፤ የውስጥ ጎንና የውጭ ጎን እንበላቸው። ሁለቱ ደግሞ በመገጣጠሚያው ውስጥ እርስ በርስ ይሻገራሉ፤ ስለዚህም መስቀለኛ ይባላሉ። የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ቅልጥም ወደፊት እንዳይንሸራተትና ያለ ልክ እንዳይዞር ይይዛል። የኋለኛው ደግሞ ወደኋላ እንዳይሄድ ያግዳል።

የድግስ ድንኳን ሲተከል አይታችኋል። አንዱ ገመድ ቢበጠስ ድንኳኑ ወዲያው አይወድቅም፤ ነፋሱ ከዚያ በኩል እስኪመጣ ድረስ ቆሞ ይቆያል። ጉልበትም አንድ ጅማት ጎድሎት ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መራመድ ይችላል። ጉዱ የሚታየው ሰውየው ድንገት ሲዞር ነው።

ስለዚህ ምርመራው የሚጀምረው ገና ጉልበቱ ሳይነካ፣ በጥያቄ ነው። እንዴት ተጎዳህ? ተጋጭተህ ነው ወይስ ብቻህን? ብዙ ሰው የሚገርመው፣ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ማንም ሳይነካ መሆኑ ነው። ተጫዋቹ እየሮጠ ድንገት ይገታል፣ እግሩ መሬት ላይ እንደተተከለ ሰውነቱ ይዞራል፤ ወይም ዘሎ ሲያርፍ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ሩጫ አገራችንን በዓለም ያስጠራ ስፖርት ነው፤ ቀጥ ብሎ መሮጥ ግን ይህን ጅማት እምብዛም አይጎዳውም። እግር ኳስ፣ ቅርጫት ኳስና እጅ ኳስ ናቸው የሚበጥሱት። በተመሳሳይ ስፖርት ውስጥ ደግሞ ሴቶች ከወንዶች ይበልጥ ይጎዳሉ፤ የሴቶች ቡድን የምታሠለጥኑ ይህን ልብ በሉ።

ያለ ግጭት መጎዳት ሌላም መዘዝ አለው፤ ተመልካች አያምንም። እ.ኤ.አ. በ1997 የማንቸስተር ዩናይትዱ ሮይ ኪን ሊድስ ሜዳ ላይ አልፍ-ኢንገ ሃላንድን ለመጥለፍ ሲሞክር የራሱን ጉልበት ጎዳ። ሃላንድ፣ የዛሬው አጥቂ የኤርሊንግ አባት ማለት ነው፣ ከላዩ ቆሞ «አስመሳይ!» እያለ ጮኸበት። ኪን ግን መስቀለኛ ጅማቱ ተበጥሶ የቀረውን የውድድር ዘመን ከሜዳ ውጭ አሳለፈ። 

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ድምፅ ሰማህ? ብዙዎች «ጧ አለ» ይላሉ፤ አንዳንዱ ከጎኑ የነበረው ሰው ጭምር እንደሰማ ይናገራል። ሦስተኛው፣ እኔ ከሁሉ የማስበልጠው፦ መቼ አበጠ? በአንድ ሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጉልበቱ እንደ ኳስ ከተነፋ ውስጡ ደም ነው፤ መስቀለኛው ጅማት የራሱ የደም ሥሮች ስላሉት ሲበጠስ ይደማል። እብጠቱ በማግሥቱ ከመጣ ብዙውን ጊዜ የሜኒስከስ ጉዳት ወይም ቀላል ወለምታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካ ውስጥ የወጡ ሁለት ጥናቶች ከአደጋ በኋላ ወዲያው ደም የቋጠሩ ጉልበቶችን ውስጣቸውን በመሣሪያ አይተው ነበር፤ በሁለቱም ከ10 ጉልበት በ7ቱ ያህል የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተጎድቶ ተገኘ። አንዲት «መቼ አበጠ?» የምትል ጥያቄ ይህን ያህል ታውቃለች! ገንዘብም አታስከፍልም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የሊዮኑ የቀዶ ሕክምና ሐኪም አሜዴ ቦኔ እ.ኤ.አ. በ1845 ባሳተመው መጽሐፍ ድምፁን፣ በደም ማበጡንና እግሩ አልታዘዝ ማለቱን የዚህ ጉዳት ምልክቶች አድርጎ ጽፎ ነበር። ራጅ ከመገኘቱ ከ50 ዓመት በፊት ማለት ነው።

አራተኛው ጥያቄ ለቆየ ጉዳት ነው። «ጉልበቴ ይከዳኛል» የሚል ሰው ሲመጣ ጆሮዬ ይቆማል። ደረጃ ሲወርድ፣ ታክሲ ለመያዝ ሮጥ ብሎ ሲታጠፍ ጉልበቱ ከሥሩ የሚሸሽበት ሰው ሕመሙ ቢያልፍም ጅማቱ ላይኖር ይችላል።

አሁን ወደ እጅ እንምጣ። ጥሩ መርማሪ አስቀድሞ የሚነካው ጤነኛውን ጉልበት ነው። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በተፈጥሮው ላላ ያለ መገጣጠሚያ ያለው አለ፣ ጠንካራም አለ። የተጎዳው ጉልበት የሚለካው በወንድሙ ነው። ሁለቱን ሳያነጻጽር «ላልቷል» የሚል መርማሪ ካጋጠማችሁ ሌላኛውንም እንዲያይ ጠይቁ፤ አይቀየምም፣ ቢቀየምም ይቀየም።

ለብዙ ዘመን የታወቀው የመሳቢያ ምርመራ ነው። ታካሚው በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱን 90 ዲግሪ ያጥፋል፤ ሐኪሙ በታካሚው እግር ጫፍ ላይ በቀስታ ተቀምጦ ቅልጥሙን በሁለት እጁ ይዞ ወደፊት ይስባል። እንደ መሳቢያ ወደፊት ከወጣ ፊተኛው ጅማት የለም ማለት ነው። ለመረዳት ቀላል፣ ለማስተማርም ቀላል ነው። ችግሩ ትኩስ ጉዳት ላይ ብዙ ጊዜ መሳቱ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ደም የሞላው ጉልበት 90 ዲግሪ አይታጠፍም። ቢታጠፍም ያመመው ሰው የጭኑን የኋላ ጡንቻዎች ሳያውቀው ይወጥራል፤ እነሱ ደግሞ ቅልጥሙን ወደኋላ ይይዙታል። በዚያ ላይ የሜኒስከሱ የኋላ ጫፍ እንደ ሽብልቅ ይገባና ያግዳል። ጅማቱ ተበጥሶ ምርመራው «ደህና ነው» ይላል።

ይህን መሰናክል ያለፈው መላ በዛሬው መጠሪያው የላክማን ምርመራ ይባላል። ጆን ላክማን በፊላደልፊያ የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ የአጥንት ሐኪም ነበር፤ በስሙ ጽፎ ያሳወቀለት ግን የሥራ ባልደረባው ጆሴፍ ቶርግ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1976። ታሪክ የሚወድ ሰው ግን 100 ዓመት ወደኋላ ሄዶ ጆርጅዮስ ኑሊስ የሚባል ግሪካዊ ያገኛል፤ ኑሊስ እ.ኤ.አ. በ1875 ፓሪስ ውስጥ ስለ ጉልበት ወለምታ ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፉ ተመሳሳዩን ምርመራ ገልጾ ነበር። ሰሚ አላገኘም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጉልበቱ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ብቻ ይታጠፋል፤ ይህን ያህልማ ያበጠም ጉልበት ይታጠፋል። መርማሪው በአንድ እጁ ጭኑን ከጉልበት በላይ አጥብቆ ይይዛል፤ በሌላው ቅልጥሙን ከላይኛው ጫፉ ይዞ ወደፊት ይስባል። ሁለት ነገር ያዳምጣል፤ በጆሮው ሳይሆን በመዳፉ። አንደኛው፣ ምን ያህል መጣ? ሁለተኛውና ዋናው፣ ሲያበቃ እንዴት ቆመ? ጤነኛ ጅማት መጨረሻው ላይ ገታ ያደርጋል፤ ቁርጥ ያለ ነው። የተበጠሰው ልስልስ ብሎ ይቀራል፣ ማቆሚያው አይታወቅም። ይህን ልዩነት በቃል ማስረዳት ከባድ ነው፤ በብዙ ጉልበት ላይ የሠራ እጅ ግን አይስተውም። እጁ ትንሽ የሆነ መርማሪ የግዙፍ ሰው ጭን መያዝ ያቅተዋል፤ ያን ጊዜ የራሱን ጉልበት ከታካሚው ጭን ሥር አስገብቶ ማስደገፍ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2006 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ግምገማ ወጥቶ ነበር። በእሱ መሠረት ላክማን ከ100 የተበጠሱ ጅማቶች 85ቱን ይይዛል፤ ከ100 ጤነኞችም 94ቱን «ጤነኛ» ይላል። ኤምአርአይ የሚባለው ማሽን ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም። ሁለት እጅ ይህን ያህል ካወቀ ምን ይባላል?

ሦስተኛው ምርመራ ከካናዳ የመጣ ነው፤ ፒቮት ሺፍት ይባላል፤ ጋልዌይ፣ ቦፕሬና ማክኢንቶሽ እ.ኤ.አ. በ1972 ገለጹት። እግሩ ተዘርግቶ ወደ ውስጥ ይጠመዘዛል፣ ከውጭ በኩል ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይታጠፋል። ጅማት በሌለው ጉልበት ቅልጥሙ አስቀድሞ ወደፊት ሸሽቶ ይቆይና 30 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ጎርበጥ ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ታካሚው «ይኸው! ሜዳ ላይ የሚያደርገኝ ይኸው ነው!» ይላል። ነገር ግን አንዴ የቀመሰው ሰው በሁለተኛው ሙከራ ጡንቻውን ያጠነክራል። ስለዚህ በዚያው ግምገማ ይህ ምርመራ የያዘው ከ100 የተበጠሱ 24ቱን ብቻ ነው፤ ጤነኛውን ግን ከ100 በ98ቱ አይነካም። በአጭሩ፣ አለ ካለ አለ፤ የለም ካለ አትመኑት። ታካሚው ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ከወሰደ በኋላ ሲሠራ ብዙ ይሻሻላል፤ ጡንቻው ተኝቷልና።

የኋለኛው መስቀለኛ ጅማት ታሪኩ ሌላ ነው። ሚኒባስ ጋቢና የተቀመጠ ሰው፣ መኪናው ሲጋጭ የታጠፈ ጉልበቱ ከፊቱ ካለው ዳሽቦርድ ጋር ይላተማል፤ ቅልጥሙ ወደኋላ ይገፋል። ምርመራው ከመንካት በፊት በማየት ነው። ታካሚው በጀርባው ተኝቶ ሁለቱንም ጉልበት 90 ዲግሪ አጥፎ ሲቆይ፣ ከጎን ዝቅ ብሎ ያየ ሰው የአንደኛው ቅልጥም ወደኋላ ሰምጦ ያገኘዋል። እዚህ ላይ ጀማሪ ሐኪሞችን የሚጥል ጉድጓድ አለ። የሰመጠውን ቅልጥም ወደፊት ሲስቡት ብዙ ይመጣል፤ «ፊተኛው ተበጥሷል» ይላሉ። የመጣው ግን ከሰመጠበት ወደ ትክክለኛ ቦታው ነው። መነሻውን ያላየ መድረሻውን ይስታል።

የጎን ጅማቶች ቀለል ይላሉ። ጉልበቱ 30 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ጎን ይገፋል፤ ቀጥሎ ተዘርግቶ ይደገማል። በ30 ዲግሪ ብቻ ከተከፈተ የጎን ጅማቱ ብቻ ነው፤ ተዘርግቶም የሚከፈት ከሆነ ሌሎች ጅማቶችም አብረው ተጎድተዋል። የውስጥ ጎን ጅማት ብቻውን ሲጎዳ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል።

ወደ ማሽኖቹ ልሂድ። ራጅ አጥንት ያሳያል፤ ጅማት አያሳይም። እንግዲያስ ማን ራጅ ይነሣ? እ.ኤ.አ. በ1995 ኢያን ስቲልና ባልደረቦቹ ያሳተሙት የኦታዋ የጉልበት ደንብ መልስ ይሰጣል። ዕድሜው 55 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ የጉልበት ሎሚው ብቻ ተነክቶ የሚያመው፣ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል የምትገኘው የቀጭኗ አጥንት ራስ ስትነካ የሚያመው፣ ጉልበቱን 90 ዲግሪ ማጠፍ ያልቻለ፣ በአደጋው ጊዜም በምርመራው ጊዜም አራት እርምጃ መሄድ ያልቻለ፤ ከነዚህ አንዱ ካለ ራጅ ያስፈልጋል። አንዱም ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም።

ራጅ ስለ ጅማት በተዘዋዋሪ የሚናገርበት ጊዜም አለ። በቅልጥሙ አናት፣ በውጭ ጠርዝ፣ ትንሽ የተገነጠለች የአጥንት ቅራፊ ከታየች ፊተኛው መስቀለኛ ጅማት በአብዛኛው ተበጥሷል። ቅራፊዋ የሴጎን ስብራት ትባላለች። ፈረንሳዊው ፖል ሴጎን የገለጻት እ.ኤ.አ. በ1879 አስከሬን ላይ ባደረገው ሙከራ ነው፤ ራጅ በ1895 ከመገኘቱ 16 ዓመት ቀድሞ። ልጆች ላይም ራጅ አይታለፍም፤ ጅማታቸው ከመበጠስ ይልቅ የታሰረበትን አጥንት ነቅሎ ሊወጣ ይችላል።

ኤምአርአይ ጅማትን በቀጥታ ያሳያል፤ የሜኒስከስን ጉዳትና አጥንቱ ውስጥ ያለውን የግጭት ጉዳትም አብሮ ያሳያል፤ ለቀዶ ሕክምና ለሚዘጋጅ ሰው ትልቅ ጥቅም አለው። ዋጋው ግን ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው፤ የማይመልሰው ጥያቄም አለ። በከፊል የተበጠሰ ጅማት ጉልበቱን ይይዛል ወይስ አይይዝም? ሥዕሉ ተኝቶ የተነሣ ነው፤ ጉልበት የሚከዳው በእንቅስቃሴ ነው። በጥያቄና በእጅ ሳይመረመር በቀጥታ ወደ ኤምአርአይ የተላከ ታካሚ፣ በእኔ አስተያየት፣ ገንዘቡን ያለ ጥያቄ መልስ ለመግዛት አውሏል። አልትራሳውንድ ለጎን ጅማቶች ይረዳል፤ ለመስቀለኞቹ ያን ያህል አይደለም። በቀጭን ካሜራ መገጣጠሚያውን ከውስጥ ማየት፣ ጃፓናዊው ኬንጂ ታካጊ እ.ኤ.አ. በ1918 በአስከሬን ጉልበት የጀመረው ሥራ፣ ዛሬ በዋናነት ለማከም እንጂ ለመመርመር አይደረግም።

አሁን ድምፄን ከፍ የማደርግበት ቦታ ደረስኩ። ከባድ አደጋ ደርሶበት ሁለት ሦስት ጅማቶቹ የተበጠሱ ጉልበት ወልቆ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ጋር ሳይደርስ በራሱ ተመልሶም ይሆናል። ከጉልበት ጀርባ የሚያልፈው ትልቁ የደም ቧንቧ በዚያች ቅጽበት ሊቀደድ ወይም ሊዘጋ ይችላል። እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ፣ ከደነዘዘ፣ ወይም እግሩ ላይ የልብ ትርታ ካልተዳሰሰ ስለ ጅማት የሚወራበት ጊዜ አይደለም። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ውስጥ ደሙ ካልተመለሰ እግሩ ሊቆረጥ ይችላል። ትርታው ቢዳሰስም ሐኪም የቁርጭምጭሚቱን የደም ግፊት ከክንዱ ጋር ያነጻጽራል፤ ሲካፈል ከ0.9 በታች ከሆነ የደም ቧንቧው መታየት አለበት።

ስለ ወጌሻዎቻችንም ሳልናገር ብወርድ አድልዎ ይሆንብኛል። ብዙ ወጌሻ እጁ ያውቃል፤ ወለምታና ውልቃት ለይቶ የሚመልስ አለ። ሁለት ነገር ግን እለምናቸዋለሁ። በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ያበጠ ጉልበት አይታሽ፣ አይጎተት። በቀርከሃም በጨርቅም አጥብቆ አይታሰር፤ አጥብቆ በማሰር ደም ተቋርጦ እግር የተቆረጠባቸው ታካሚዎች በሆስፒታሎቻችን በተደጋጋሚ ታይተዋል። ዛሬ ለተጎዳ ጉልበት የሚበጀው ማሳረፍ፣ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ በጨርቅ በተጠቀለለ በረዶ ማቀዝቀዝና ወደ ሐኪም መላክ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ምርመራ ሕመምና እብጠት ስላለበት ግልጽ ላይሆን ይችላል። «ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ተመለስ፣ እንደገና ላይህ» የሚል ሐኪም ሥራውን ያውቃል ማለት ነው፤ እብጠቱ ሲጎድል እጁ የበለጠ ይሰማል። ቀጠሮውን አትዝለሉት፤ ሕመሙ ስለቀነሰ «ተሽሎኛል» ብሎ መቅረት የተለመደ ነው።

ከእናንተ መካከል ከዓመታት በፊት ወድቆ «አልተሰበረም» ተብሎ የተመለሰ፣ አሁንም ደረጃ ሲወርድ ጉልበቱ የሚከዳው ሰው እንዳለ እገምታለሁ። ለእናንተ ጊዜው አላለፈም። ቆይቶ የተመረመረ ጉልበት አላበጠም፣ አያምም፣ ጡንቻውም አይወጠርም፤ ትኩስ ጉዳት ላይ የሚስተው ያ የመሳቢያ ምርመራ እንኳ በቆየ ጉዳት ላይ ከ100 የተበጠሱ 92ቱን ይይዛል። ስትሄዱ ሐኪሙ ሁለቱን ጭኖቻችሁን በሜትር ይለካ፤ የተጎዳው በኩል ቀጥኖ ከተገኘ ሕክምናው፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግም አያስፈልግም፣ ከዚያ ጡንቻ ነው የሚጀምረው።